ማኅደሩን የሚያነበው ማን ነው? በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የጤና ባለሙያ ማስረጃን ስለማረጋገጥ ሥራ

አንድ ሆስፒታል አዋላጅ፣ ነርስ ወይም ሐኪም ሲቀጥር ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይጠበቅበታል። ይህ ሰው ነኝ የሚለውን ሰው ነውን? ተማርኩ የሚለውን በእርግጥ ተምሯልን? በዚህ ሆስፒታል፣ ባለው መሣሪያና ባለው ረዳት፣ ምን ምን እንዲሠራ ይፈቀድለት? በሁለተኛው ጥያቄ ላይ በአገራችን ብዙ ተደክሟል። የመጀመሪያው ቀላል ይመስላል፤ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ግን ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። ሦስተኛው ጥያቄ በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን ባለቤት የለውም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ሙግት፣ ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኝ፣ በቂ ሥልጠናና ግልጽ ሥልጣን ያለው የማስረጃ ማረጋገጥ አስተባባሪ ለእያንዳንዱ ሆስፒታል ያስፈልጋል የሚል ነው። ሙግቱን የማቀርበው በተለይ ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች አንጻር ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ በቃሬዛ ተጭና የምትመጣ ወላድ ሐኪም የመምረጥ ዕድል የላትም፤ የምታገኘው በዕለቱ ተረኛ የሆነውን ነው። ምርጫውን ቀድሞ ሌላ ሰው መርጦላታል፤ ያም ሰው የቅጥር ማኅደሩን ያነበበው፣ ወይም ሳያነብ የፈረመው ነው።

አሁን ባለው አሠራር ይህን ተግባር የሚያከናውነው የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ነው። ክፍሉ የዓመት ፈቃድ ይመዘግባል፣ የደረጃ ዕድገት ያስፈጽማል፣ የጡረታ መለያ ቁጥር ያስወጣል፣ ፔሮሉን ከፋይናንስ ጋር ያስታርቃል፤ በዚህ ሁሉ መካከል የሙያ ፈቃድ የሚያበቃበትን ቀን ይከታተላል ተብሎም ይጠበቃል። ለሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ከመምጣቴ በፊት የሠራሁበት ክፍልም ይኸው ነበር። በአንድ የግል ማኅደር ውስጥ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ የዲግሪ ወይም የዲፕሎማ ፎቶ ኮፒ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሙያ ፈቃድ ኮፒ፣ ከቀድሞው መሥሪያ ቤት የተሰጠ መልቀቂያ፣ የሕይወት ታሪክ ቅጽ። በኮፒዎቹ ላይ «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» የሚል ማኅተም አርፏል። ማኅተሙ የሚመሰክረው ኮፒው ዋናውን እንደሚመስል ነው፤ ዋናው እውነተኛ ስለመሆኑ ግን የሚለው አንዳች ነገር የለም። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። የሥራው ሁሉ ቁም ነገር ግን እዚያ ላይ ያርፋል።

ይህ ልዩነት ለጎንደር ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በአብነት ትምህርት ድጓ የሚያስመሰክር ጋይንት ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ዙር አባን ይረግጣል፤ የአቋቋም ተማሪ ደግሞ ጎንደር በአታን ይመጣል። አዲስ ደብር የሚገባ መሪጌታ የሚጠየቀው ወረቀት ሳይሆን «የት አስመሰከርህ? መምህርህስ ማን ነው?» ተብሎ ነው። ከዚያም ማኅሌት ላይ ይቆማል፤ ሊቃውንቱም ያዩታል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ተጣምረዋል፦ ወደ ምንጩ ሄዶ መጠየቅና ሰውየውን በሥራው ላይ ማየት። «ምስክር» የሚለው ቃል ራሱ በመጀመሪያ የሚያመለክተው ሰውን ነው፤ ወረቀቱ በኋላ የመጣ ነው። ሥርዓቱ የሠራው የሊቃውንቱ ዓለም ጠባብና እርስ በርሱ የሚተዋወቅ ስለነበረ መሆኑ አይካድም። በሺህ የሚቆጠሩ ተመራቂዎች ከብዙ ተቋማት በሚወጡበት ዘመን መተዋወቅ አይበቃም። ሁለቱ ሥራዎች ግን አልተለወጡም።

ሕጉ የከፈታቸው በሮች

በሕግ ረገድ ባዶ እጃችንን አይደለንም። አዋጅ ቁጥር 661/2002 የጤና ባለሙያዎችን ምዝገባና ፈቃድ ከምግብና ከመድኃኒት ቁጥጥር ጋር በአንድ ባለሥልጣን ሥር አድርጎ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባለሥልጣኑን በምግብና በመድኃኒት ሲወስነው የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴርና ወደ ክልል ጤና ቢሮዎች ተመለሰ። በ2011 ዓ.ም. ብሔራዊው የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና ፈተና ተጀመረ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መጣ። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ የሚመረቁትም ሲኦሲ ይፈተናሉ። እነዚህ ሁሉ በጎ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የሚሠሩት በመግቢያው በር ላይ ነው። ባለሙያው አንዴ ካለፈ በኋላ ባሉት ሠላሳ የሥራ ዓመታት ውስጥ ማን እንደሚያየው የሚናገሩት ጥቂት ነው። ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ከፈቃድ እድሳት ጋር መያያዙ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም፣ በተግባር የሚሰበሰበው የሰርተፊኬት ብዛት ነው፤ ከሰርተፊኬቱ በስተጀርባ ያለውን ክህሎት የሚመዝን የለም።

ብዙ የሆስፒታል ሥራ አመራሮች የማያስታውሱት አንድ አሮጌ ሕግም አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2651 ላይ የሕክምና ተቋም በሥሩ ያሉ ሐኪሞችና ረዳቶች በፈጸሙት ጥፋት በሕመምተኛ ላይ ለሚደርስ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ ሕግ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት በዳርሊንግና በቻርልስተን ሆስፒታል መካከል በተነሣው ክርክር የሰጠው ውሳኔ በዓለም ላይ የማስረጃ ማረጋገጥ ሥራ መሠረት ተደርጎ ይጠቀሳል። የአሜሪካ እግር ኳስ ሲጫወት እግሩን የተሰበረ የ18 ዓመት ወጣት በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ በነበረ ጠቅላላ ሐኪም ጄሶ ታሰረለት፤ እግሩ ግን ከጊዜ በኋላ ተቆረጠ። ሐኪሙ ሕጋዊ ፈቃድ ነበረው። ፍርድ ቤቱ ሆስፒታሉ ራሱ፣ እንደ ተቋም፣ በውስጡ የሚሰጠውን ሕክምና የመከታተል ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። የእኛ ሕግ ተቋሙን ተጠያቂ የሚያደርገው ሠራተኛው ባጠፋው ጥፋት ነው፤ የኢሊኖዩ ውሳኔ ደግሞ ተቋሙን ራሱ ባለማየቱ ይጠይቀዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይሁንና ከእኛው ሕግ የሚነሣ አንድ የማያስተማምን አስተዳዳሪ፣ ካሣ የሚያስከፍለኝ የሠራተኛዬ ጥፋት ከሆነ ሠራተኛዬን ላውቀው ይገባል ወደሚል መደምደሚያ ለመድረስ የኢሊኖይ ዳኞችን መጠበቅ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ የጎን ታሪክ ልጨምር። የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1918 መቶና ከዚያ በላይ አልጋ ያላቸውን 692 ሆስፒታሎች በአነስተኛ መስፈርት ሲመዝን መስፈርቱን ያሟሉት 89 ብቻ ነበሩ። ከመስፈርቶቹ አንዱ ሐኪሞቹ ሕጋዊ ፈቃድና ብቃት ያላቸው እንዲሆኑ የሚጠይቅ ነበር። ውጤቱ በ1919 ኒው ዮርክ ላይ ይፋ ሲደረግ ስመ ጥር ሆስፒታሎች ከዝርዝሩ ውጭ ስለሆኑ፣ ዝርዝሩ ጋዜጠኞች እጅ እንዳይገባ ስብሰባው በተካሄደበት ሆቴል ምድር ቤት በእቶን ተቃጠለ። ዛሬ አርአያ የምናደርጋቸው ሥርዓቶች በኀፍረት የተጀመሩ መሆናቸውን ማወቅ ለእኛም ይረዳል።

ስምና ዘመን

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። የማስረጃ ሥራ በዓለም ላይ የተቀረጸው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለን፤ ሴት ስታገባም ስሟን አትቀይርም። ችግሩ የሚጀምረው ሦስት ሣጥን ካለው ቅጽ ፊት ነው። ገብረ መድኅን የሚባል ሰው ስሙ ተለያይቶ ሲጻፍ «ገብረ» የራሱ ስም፣ «መድኅን» የአባቱ ስም፣ አባቱ ደግሞ አያቱ ሆኖ ይመዘገባል። በዲግሪው ላይ ተጋጥሞ፣ በፈቃዱ ላይ ተለያይቶ ሲገኝ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ከዚያ የላቲኑ አጻጻፍ አለ። «ጸ»ን አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» እና በ«ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ» ብቻ፣ ሦስተኛው በ«ኤስ» ብቻ ይወክለዋል፤ «ቀ» አንዴ በ«ኪው» አንዴ በ«ኬ» ይጻፋል። ጸሐይ የምትባል ነርስ ከስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት እስከ ሙያ ፈቃድ ድረስ አራት ዓይነት አጻጻፍ ይዛ ብትቀርብ አይገርምም። በገጠር ደግሞ የቤት ስም፣ የክርስትና ስምና ትምህርት ቤት የተመዘገቡበት ስም የተለያዩ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ዘግይቶ በፍርድ ቤት የስም ለውጥ ያስወስናል።

የዘመን አቆጣጠሩ ጣጣ ከዚህ ይብሳል። ዲግሪዎቻችን በአብዛኛው በእንግሊዝኛና በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የቅጥር ደብዳቤዎቻችን በአማርኛና በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፋሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 የተመረቀ ባለሙያ ፈቃዱን በ2006 ዓ.ም. ቢወስድ፣ «ዓ.ም.» የሚለውን ሁለት ፊደል ያላስተዋለ አንባቢ ሰውየው ከመመረቁ ሰባት ዓመት በፊት ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ማኅደር ከሐሰተኛ ማስረጃ ክምር ውስጥ ተጥሎ ባለቤቱ ለወራት ሲንገላታ ማየት የተለመደ ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ እውነተኛ የቀን መጋጨት «የአቆጣጠር ልዩነት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በላይ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት እንደሚቀነስ የሚያውቅና ሁለቱን በማስተዋል የሚለይ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ለመደበኛ የመዝገብ ሠራተኛ የሚተው ተራ ሥራ አይደለም። ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በዚህ ረገድ የፋይዳ መታወቂያ ተስፋ ይሰጣል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ሰውን በስም አጻጻፍ ሳይሆን በአሻራና በቁጥር ይለያል። ቁጥሩ በተማሪ መዝገብ ላይ፣ በብቃት ምዘና ፈተና ቅጽ ላይና በሙያ ፈቃድ ላይ ቢሰፍር ከላይ የዘረዘርኩት የአጻጻፍ ግራ መጋባት ግማሹ ከዛሬ በኋላ ለሚመረቁት ይቀልላል። ለአለፉት ግን አይሠራም። ሃሳቡ ለጎንደር አዲስ አይደለም፤ በዳባት የሚገኘው የዩኒቨርሲቲያችን የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ሲሠራ ቤተሰብንና ግለሰብን በመለያ ቁጥር ይከታተላል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስመ ሞክሼዎችን ለመለየት የሠራው ዘዴ የሆስፒታል ማኅደር ክፍል ሊማርበት የሚችል ነው። ሁለቱ ክፍሎች ተነጋግረው እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ደብዳቤው በማን እጅ ይሄዳል?

ማስረጃን ከምንጩ ማረጋገጥ ማለት፣ ቀጣሪው ተቋም አስተማሪውን ተቋም በቀጥታ ጠይቆ መልሱን በቀጥታ መቀበል ማለት ነው። በመካከል ባለጉዳዩ ሊኖር አይገባም። በእኛ ዘንድ የተለመደው ግን ሌላ ነው፦ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ለባለጉዳዩ ይሰጣል፤ እርሱም በራሱ ወጪ ተሳፍሮ ወስዶ መልሱን ራሱ ያመጣል። የሚጠረጠረው ሰው የራሱ ምርመራ ተላላኪ ይሆናል ማለት ነው። ይህ የሆነው ማንም ክፉ ስላሰበ አይደለም። ከደባርቅ ወደ አንድ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ በፖስታ የተላከ ደብዳቤ መልሱ ሲዘገይ ክፍት የሥራ መደቡ አይጠብቅም፤ ባለጉዳዩ ሲይዘው ግን በሳምንት ይመለሳል። ፍጥነቱን የሚከፍለው ታማኝነቱ ነው።

ያለፉት ዓመታት ደግሞ ይህን መስመር ይበልጥ አቅጥነውታል። በጦርነቱ ጊዜ በአማራ ክልል በርካታ የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ መዝገቦቻቸውም አብረው ጠፍተዋል፤ ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ከመጡት መካከል ከለበሱት ልብስ በቀር ይዘው ያልወጡ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በነበረው ሁኔታ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል፤ መንገዶችም በየጊዜው ተዘግተዋል። የሰው ሀብት መረጃን በኮምፒውተር የሚይዘው ሥርዓት መልካም ቢሆንም፣ ሥራውን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚጥል ዕቅድ በእኛ ወረዳዎች የሚቆመው በቀጭን እግር ነው። በየሆስፒታሉ በወረቀት የተያዘና ባለቤት ያለው መዝገብ አሁንም ያስፈልጋል።

ምንጩ ራሱ ሲለወጥስ? ይህ ጥያቄ ለዚህ ግቢ ቅርብ ነው። በ1945 ዓ.ም. በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ወጡ። ያው ግቢ ከዚያ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆነ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቀየር የእርሱም ማኅተም ተቀየረ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአንድ ሕንጻ የተማሩ ሦስት ትውልዶች የተለያየ የተቋም ስም የታተመበት ዲፕሎማ ይዘዋል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ማስረጃ የሚያጣሩ ድርጅቶች «እንዲህ የሚባል ተቋም አላገኘንም» ቢሉ አይፈረድባቸውም። በዚያን ዘመን ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው የተማሩት ሐኪሞቻችን ደግሞ ማስረጃውን የሰጣቸው መንግሥት ራሱ የለም። በግል ኮሌጆች ዘንድ ጥያቄው ይከፋል፦ ኮሌጁ ሲዘጋ የተማሪዎቹ መዝገብ የት ይሄዳል? የተማሪዎቹን መዝገብ ለማን እንደሚያስረክብ አስቀድሞ ያልጻፈ ኮሌጅ ተማሪ ባይቀበል እመርጣለሁ።

ፈቃድ አለው፤ ምን ይሥራ?

ሦስተኛው ጥያቄ እጅግ የተዘነጋው ነው። ፈቃድ የሚለው «ይህች ሰው አዋላጅ ናት» ነው። ላለፉት ስምንት ዓመታት በቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ብቻ የሠራች አዋላጅ ዛሬ ሌሊት በቫክዩም ልታዋልድ ይገባታልን? ፈቃዱ አይመልስም። ፈቃዷ አልጠፋም፤ እጇ ግን ርቋል። በሌላ አገር ሆስፒታሎች ለዚህ የተለየ ሂደት አላቸው፤ የሐኪሙ ማስረጃ ከተረጋገጠ በኋላ በዚያ ሆስፒታል ሊሠራቸው የሚፈቀዱ ሥራዎች በስም ተዘርዝረው ይጸድቁለታል፣ በየጊዜውም ይታደሳሉ። በእኛ ዘንድ ዝርዝሩን የሚጽፈው የተረኝነት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ላይ ስሙ የወጣ ሁሉን ይሠራል።

በሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ጉዳይ ከየትም ይልቅ ይከብዳል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ስፔሻሊስት ሳይሆን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ሥልጠና የወሰደ፣ መሠረቱ የጤና መኮንን የሆነ ባለሙያ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች የብዙ እናቶችን ሕይወት አትርፈዋል፤ የሙያቸው መፈጠር ከ1947ቱ የጎንደር ሃሳብ የሚወርድ ነው፤ ሐኪም ለሌለው ገጠር፣ ለዚያው ገጠር የተቀረጸ ባለሙያ። ጥያቄው ወሰናቸው የት ነው የሚለው ነው። ቀዶ ማዋለድ በሥልጠናቸው ውስጥ አለ። የተቀደደ ማሕፀን? የተጣመመ አንጀት? ደም በሌለበት ሌሊትስ? መልሱ በማዕከል በተጻፈ የሥራ ወሰን ሰነድ ብቻ አያልቅም፤ በዚያ ሆስፒታል ባለው ሰመመን ሰጪ፣ በደም አቅርቦቱ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ርቀት ይወሰናል። ስለዚህ ውሳኔው በየሆስፒታሉ መሰጠትና መጻፍ አለበት። ወሰኑ ሳይጻፍ ሲቀር ባለሙያው በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ሲሠራ «ማን ፈቀደልህ?»፣ ሳይሠራ ሪፈር ሲጽፍ «ለምን አልሞከርህም?» ይባላል።

የምጠብቀው ተቃውሞ ግልጽ ነው። «ባለሙያ በሌለበት አገር ማጥራት ቅንጦት ነው፤ አንድ ያለንን ሰመመን ሰጪ ደብዳቤው እስኪመጣ ብናስቀምጠው ቀዶ ጥገና ክፍሉ ይዘጋል።» ተቃውሞው እውነት አለው፤ ከቢሮ ሆነው የሚናቁት ሰዎች ሌሊት አምቡላንስ ጠብቀው የማያውቁ ናቸው። ለዓመታት የአዲስ ሐኪሞች ዋና ዲግሪ የግዴታ አገልግሎታቸው እስኪያልቅ ይያዝባቸው እንደነበረም መርሳት የለብንም፤ ሥርዓቱ ራሱ ሰነዱን ይዞ ሰነድ አምጡ ማለት አይችልም። ነገር ግን እጥረት ያለበት ቦታ ሁሉን ሰው ሳይጠይቅ የሚቀበል በር መሆኑን የሚያውቁ አሉ። ማይክል ስዋንጎ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1985 በሥራ ባልደረቦቹ ምግብና መጠጥ መርዝ በመጨመር ተፈርዶበት ታስሮ ነበር። ከእስር ወጥቶ በሐሰተኛ ሰነድ በ1992 ደቡብ ዳኮታ፣ በ1993 ኒው ዮርክ ተቀጠረ። በአገሩ ሲታወቅበት በ1994 ወደ ዚምባብዌ ሄዶ በአንድ የገጠር ሚሲዮን ሆስፒታል በደስታ ተቀበሉት፤ እዚያም ሕመምተኞች ሞቱ። በ2000 ጥፋቱን አምኖ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ጉዳዩ እጅግ የተለየ ነው፤ ከእርሱ ተነሥቶ ሠራተኛን ሁሉ መጠርጠር ስሕተት ይሆናል። የጉዞው አቅጣጫ ግን ልብ ይሏል፦ ከሚጠይቅ ወደማይጠይቅ።

በማጣራትና በአገልግሎት መካከል ያለው ምርጫ «ይግባ» ወይም «ይውጣ» ብቻ መሆን የለበትም። እኔ የምደግፈው ጊዜያዊ የክትትል ቅጥር ነው፦ ማስረጃው በመጣራት ላይ ያለ ባለሙያ ለተወሰነ ጊዜ፣ እንበል ለ90 ቀን፣ በስም በተመደበ ከፍተኛ ባለሙያ ሥር፣ በጽሑፍ በተዘረዘሩ ሥራዎች ብቻ እንዲሠራ። ጊዜው ሲያልቅ መልስ ካልመጣ ዘገየ የሚባለው ባለሙያው ሳይሆን ያልመለሰው ተቋም ይሆናል፤ ለጤና ቢሮውም በስሙ ሪፖርት ይደረጋል። ይህን የሚያንቀሳቅስ አስተባባሪ ተጠሪነቱ ለሰው ሀብት ክፍል ብቻ ሳይሆን የሕክምና አገልግሎት ዳይሬክተሩ፣ ሜትሮኗ፣ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ኃላፊዎች ለሚቀመጡበት ኮሚቴ ቢሆን፣ ፊርማ ከመሰብሰብ አልፎ ጥያቄ ማንሣት ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ለሰው ሀብት አስተዳደር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል፤ መነሻ የሚሆን ቦታ አለ ማለት ነው።

የሐሰተኛ ማስረጃ ዘመቻዎቻችን አንድ ሌላ ጉድለት አለባቸው። ሪፖርቱ የሚናገረው ስንት ሰው እንደተገኘ፣ ስንቱ እንደተሰናበተ፣ ስንቱ በሕግ እንደተጠየቀ ነው። በሐሰተኛ ዲፕሎማ ለዓመታት መድኃኒት ሲያዝ ወይም ሲያዋልድ ስለነበረ ሰው፣ ያከማቸው የሕመምተኛ ካርድ ተመልሶ ሲታይ አላጋጠመኝም። ጉዳዩ በመንግሥትና በሠራተኛው መካከል እንዳለ የደመወዝ ክርክር ይዘጋል። ካርዶቹ ግን መደርደሪያው ላይ አሉ፤ አስተባባሪ ቢኖር የመጀመሪያው ሥራው እነርሱን ማስወጣት በሆነ ነበር።

ለዚህ መጽሔት አንባብያን፣ በተለይ የመመረቂያ ርእስ ለምትፈልጉ፣ ሥራው ሰፊ ነው። በሰሜን ጎንደር ሆስፒታሎች ካሉ ማኅደሮች ስንቱ ከምንጩ የተረጋገጠ መልስ ይዟል? አልተጣጣመም ተብለው ከተጣሉት ስንቱ በስም አጻጻፍ፣ ስንቱ በዘመን አቆጣጠር፣ ስንቱ በእውነተኛ ሐሰት ነው? የማኅደር ክለሳ ጥናት ስለሆነ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የሥነ ምግባር ፈቃድና ትዕግሥት ብቻ። ከሁሉ በፊት ግን መለካት ያለበት የእኛው ቤት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአንድ በኩል ባለሙያ የሚቀጥር ትልቅ ሆስፒታል አለው፣ በሌላ በኩል ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የተመረቁ የጤና ባለሙያዎች መዝገብ ጠባቂ ነው፤ ጠያቂም ተጠያቂም ሆኖ በአንድ ከተማ ይኖራል። ሬጅስትራሩ ሊያወጣው የሚገባው የመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሁለት ዓምድ ቢኖረው ይበቃል፦ የማጣሪያ ጥያቄው የገባበት ቀንና መልሱ የወጣበት ቀን።